የውሻው መድኃኒት ለልጄ ይሆናል?

የዛሬው ጽሑፍ ከወትሮው ረዘም ይላል፤ ጊዜ ሲኖራችሁ፣ ቢቻል ቡና ይዛችሁ አንብቡት። ታሪክ ይበዛበታል። ሳሉ አልተው ያለ ልጅ በቤቱ ያለው ሰው ግን ታሪኩን ቢያውቀው ይጠቅመዋል ብዬ ነው የምጽፈው።

ከጥቂት ወራት በፊት ከጉደር አንዲት እናት በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። (ጉደር ሲባል ወይን ጠጁ ብቻ ትዝ ለሚላችሁ፦ ከአምቦ ወደ ምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማችን ናት፤ በስሟ የሚጠራው ወንዝም ወደ ዓባይ ይወርዳል።) ሴትየዋ በአንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ ምግብ አብሳይ ናት። ታሪኩን የምጽፈው ፈቅዳልኝ ነው፤ ማንነቷን የሚያሳውቀውን ግን ቀይሬዋለሁ። እንዲህ ነበር ያለችኝ፦

«ዶክተርዬ፣ እዚህ ያለው ቻይናዊ ፎርማን ውሻ አለው። ውሻው ከክረምት ጀምሮ ያስላል። ሰውየው ከአገሩ ያመጣውን ሥርና ጭራሮ እየቀቀለ ያጠጣዋል። ሥጋና አጥንት ከልክሎት በሩዝ ገንፎ ላይ ፍራፍሬ ቀቅሎ ነው የሚያበላው። አሁን ተሽሎታል። የኔም ልጅ አምስት ዓመቱ ነው፣ ወር ሙሉ እያሳለብኝ ነው። ሰውየው አዘነልኝና ከመድኃኒቱ ቆንጥሮ ሰጠኝ። ለልጄ ባጠጣው ይጎዳዋል?»

አንዳንዶቻችሁ ፈገግ እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔ አልሳቅሁም። ሰጥታ ከመጠየቅ ጠይቃ ለመስጠት የመረጠች እናት ናት። ደግሞስ ማናችን ነን ከዚህ የራቅነው? እኔ ራሴ በጤና አዳምና በዳማከሴ ያደግሁ ነኝ። ጉንፋን ሲይዘን ጦስኝ ይፈላል፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት በማር ይደረጋል። አምቦ ውሃ ደግሞ፣ ለእኛ ለአካባቢው ሰዎች፣ የማያድነው በሽታ ያለ አይመስለንም።

መድኃኒቱን ፎቶ አንስታ እንድትልክልኝ ጠየቅኋት። ሰውየው ጽሑፍ ያለበትን ከረጢት አሳያት፤ ፊደሉን በስልክ መተርጎሚያ ብናየው አራት ስሞች ወጡ። ማ ኋንግ፣ የአፕሪኮት ፍሬ አስኳል፣ ሊኮሪስ የሚባለው ጣፋጭ ሥር፣ አራተኛው ቻይናዎች ለሳል የሚወዱት የአንድ ተክል ኮረት። የመጀመሪያውን ስም ሳይ ወዲያው «እንዳትሰጪው፣ ልጁን ይዘሽ ነይ» አልኳት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ለማስረዳት ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

ማ ኋንግ ቅጠል የሌለው የሚመስል ቁጥቋጦ ነው። ቀጫጭን አረንጓዴ ዘንጎቹ አንድ ላይ ሲታሰሩ መጥረጊያ ይመስላሉ። ከዛሬ 1800 ዓመት ገደማ በፊት የኖረው ዣንግ ዦንግጂንግ የተባለ ቻይናዊ ሐኪም ከቀረፋ ጭራሮ፣ ከአፕሪኮት አስኳልና ከሊኮሪስ ጋር አድርጎ አዘዘው። ማዘዣው እስከ ዛሬ ይታወቃል። ልብ በሉ፣ ያዘዘው ለሳል ሁሉ አልነበረም። ብርድ ብርድ ለሚለው፣ ላብ እንቢ ላለውና ትንፋሽ ለሚያጥረው ሰው ነበር። ላብ ለሚያልበውና ለደከመ ሰው እንዳይሰጥ የዚያው ሙያ ሰዎች ያስጠነቅቃሉ። የድሮዎቹ ሐኪሞች የትኛው በሽተኛ፣ የትኛው ሳል ብለው ይለዩ ነበር። ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ የሚጠፋው ይህ መለየቱ ነው። ከረጢቱ ይደርሰናል፣ «ለማን» የሚለው መንገድ ላይ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ1885 ናጋይ ናጋዮሺ የተባለ ጃፓናዊ ኬሚስት ከዚህ ተክል ውስጥ ኤፌድሪን የተባለውን ንጥረ ነገር ነጥሎ አወጣ። ብዙ ሰው ሳያስተውለው ዓመታት አለፉ። ከዚያ አንድ ውሻ መጣ።

ነገሩ የሆነው በ1920ዎቹ መጀመሪያ ቤጂንግ ውስጥ፣ ፔኪንግ ዩኒየን በተባለው የሕክምና ኮሌጅ ነው። ኬ. ኬ. ቼን የሚባል ወጣት ቻይናዊ ተመራማሪ አሜሪካ ተምሮ ተመልሷል። የአገሩን መድኃኒቶች በላቦራቶሪ መፈተሽ ፈልጎ አጎቱን ያማክራል፤ አጎቱ የባህል መድኃኒት አዋቂ ነበሩ። ከመድኃኒቶቹ መርዝነት ያላቸውን ሲጠይቃቸው ማ ኋንግን አስቀድመው ጠሩለት። አጠያየቁ ደስ ይለኛል፤ «የሚያድነው የቱ ነው?» ሳይሆን «የሚጎዳው የቱ ነው?» ማለቱ። ጉልበት የሌለው ነገር አይጎዳም፣ አያድንምም።

ቼንና አሜሪካዊው ባልደረባው ካርል ሽሚት ተማሪዎች ለትምህርት የተጠቀሙበት፣ ገና በማደንዘዣ የተኛ ውሻ ነበራቸው። የማ ኋንጉን ቅቅል በደም ሥሩ ሰጡት። የውሻው የደም ግፊት ሽቅብ ወጣ፣ ልቡም ፈጥኖ መምታት ጀመረ። አድሬናሊን ከሚባለው የሰውነታችን ኬሚካል ጋር የሚመሳሰል ነገር እንደሆነ ገባቸው። አድሬናሊን ሲዋጥ ሆድ ውስጥ ስለሚበላሽ በመርፌ ነው የሚሰጠው። ይሄኛው ግን ሲዋጥም ይሠራል፣ ብዙ ሰዓትም ይቆያል። ሥራቸውን እ.ኤ.አ. በ1924 አሳተሙ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ኤፌድሪን የዓለም የአስም መድኃኒት ሆነ፤ የጠበበውን የአየር ቧንቧ ያሰፋልና። እኛም አገር ቴዎፊሊን ከሚባል መድኃኒት ጋር በአንድ ክኒን ተደባልቆ ለአስም ሲታዘዝ ኖሯል። ዕድሜያቸው የገፋ የአስም ታካሚዎቻችን «እንቅልፍ የሚነሳኝ ክኒን» እያሉ የሚያስታውሱት እሱን ሳይሆን አይቀርም። ዛሬ ለልብ ብዙም የማይከብድ ሳልቡታሞል የሚባል በአፍ የሚነፋ መድኃኒት ተክቶታል።

እንግዲህ የእናትየዋ ቁንጥር ተራ ቅጠል አልነበረም። እውነተኛ መድኃኒት ነው። ያስፈራኝም እሱ ነው። መጠኑ ሲበዛ ልብን ያስሮጣል፣ ግፊት ያወጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ያንቀጠቅጣል። በአሜሪካ ይኸው ተክል ክብደት ለመቀነስ በሚሸጡ እንክብሎች ውስጥ ገብቶ ሰው ጎድቶ፣ ሰውም ሞቶ፣ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2004 ከገበያ አገደው። እነዚያን እንክብሎች ከባለቤታቸው ጠረጴዛ ላይ እየላፉ የተመረዙና የሞቱ ውሾችም በእንስሳት ሕክምና መጽሔት ተመዝግበዋል። የአፕሪኮቱ አስኳልም ቢሆን ሆድ ውስጥ ወደ ሳያናይድ የሚለወጥ ነገር አለው። ለትልቅ ሰው ተመጥኖ የሚሰጠው ለ15 ኪሎ ልጅ ሌላ ነው። ቁንጥር ደግሞ ሚዛን አይደለም፤ የፎርማኑ ቁንጥርና የእናትየዋ ቁንጥር እኩል አይሆንም።

ሆኖም ከመመረዙ ይልቅ ይበልጥ ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነበር። ልጁ ጠጥቶት ሳሉ ቢቀንስስ?

ይህን ላብራራ። የልጆች ሳል አብዛኛው በቫይረስ የሚመጣ ጉንፋን ነው፤ ብንሰጠውም ባንሰጠውም ይድናል። ጥናቶችን ሰብስበው ያዩ ሐኪሞች እንደጻፉት፣ በጉንፋን ከሚያስሉ ልጆች ግማሽ ያህሉ በ10 ቀን፣ 90 ከመቶ የሚሆኑት በ25 ቀን ውስጥ ይሻላቸዋል። ስለዚህ በሁለተኛው ሳምንት የሰጠነው ነገር ሁሉ «ያዳነ» ይመስላል። ጦስኙም፣ ሽሮፑም፣ የፎርማኑ ገንፎም። (ማር ግን የሌሊት ሳልን እንደሚያስታግስ በጥናት ታይቷል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ብቻ በፍጹም አትስጡ፤ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ መመረዝ ያመጣል።) ችግሩ ያለው በቀሩት 10 ልጆች ላይ ነው። እነሱ ውስጥ አስም ያለበት አለ፣ ኦቾሎኒ ወደ ሳንባው የገባበት አለ፣ ቲቢ ያለበት አለ። የአየር ቧንቧ የሚያሰፋ ነገር ለቲቢ ልጅ ቢሰጥ ለጥቂት ቀን ቀለል ሊለው ይችላል። እናት ትረጋጋለች፣ ሌላ ወር ይሄዳል። የማይሠራ መድኃኒት ቶሎ ይጣላል፤ በጥቂቱ የሚሠራው ነው ጊዜ የሚበላው።

«ታዲያ ዶክተር፣ ቅጠል ትጠያለሽ?» የሚለኝ አይጠፋም። አልጠላም። የወባ መድኃኒታችንን አስቡት። ከጉደር ወንዝ ጋር ወደ ዓባይ ሸለቆ ስትወርዱ ወባ አለ፤ ታማሚው ጤና ጣቢያ የሚሰጠው አርቴሜተር ሉመፋንትሪን፣ ብዙዎቻችሁ ኮአርተም የምትሉት፣ ምንጩ ከቻይና ቅጠል ነው። የእኛ አሪቲና ጭቁኝ የቅርብ ዘመድ ነው ተክሉ። ቱ ዩዩ የተባለች ቻይናዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1969 ይህን ሥራ ስትጀምር የድሮ መጻሕፍትን አገላበጠች። ባልደረቦቿ ቅጠሉን እንደ ደንቡ ቀቅለው ሲሞክሩት አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም። በአራተኛው መቶ ዓመት ጌ ሆንግ የተባለ ሰው የጻፈውን ስታነብ ግን ቅጠሉን ዘፍዝፎ ጨምቆ ጭማቂውን መጠጣት ይላል፤ መቀቀል የለም። እሳቱ ይሆን መድኃኒቱን የገደለው? በቀዝቃዛ ዘዴ፣ በኤተር አወጣችው። በጥቅምት 1971 (እ.ኤ.አ.) በወባ የተያዙ አይጦችን ሙሉ በሙሉ ያዳነው ናሙና ቁጥር 191 ነበር። በእንስሳት ላይ በተደረገው የመርዝነት ምርመራ ጥርጣሬ ሲነሳ እሷና ባልደረቦቿ ራሳቸው ቀድመው ጠጡት። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ይህን የመድኃኒት ቤተሰብ የመጀመሪያ የወባ መድኃኒቷ አድርጋለች፤ ቱ ዩዩም በ2015 ኖቤል ተሸለመች። ቅጠሉን እንደ ሻይ አፍልቶ ወባን ማከምን ግን የዓለም ጤና ድርጅት አይመክርም። መጠኑ ስለማይታወቅ ልጁ ላይድን ይችላል፣ ተሐዋሲውም መድኃኒቱን መልመድ ይማራል።

የእኛም ኮሶ ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። ጥሬ ሥጋ ለሚወድ ሕዝብ ኮሶ ትል እንግዳ አይደለም፤ አያቶቻችን በየሁለት ወሩ የኮሶ አበባ ይጠጡ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን አበባው ባሕር ተሻግሮ የአውሮፓ መድኃኒት መጻሕፍት ውስጥ ገባ። ትሉን ያወጣ ነበር። የጠጣውንም ሰው ሲያስመልስና ሲያስቀምጥ ያደክመዋል፣ ሲበዛም ዓይን እስከ መጉዳት ይደርሳል። ዛሬ ጤና ጣቢያ የሚሰጠው ክኒን ያን ሁሉ መከራ አስቀርቷል።

አሁን ወደ ምግቡ ልምጣ፤ ፎርማኑ ገንፎውን ከቅጠሉ እኩል ነበር የሚያምንበት። ይህም ረጅም ታሪክ አለው። ቻይናዎች ለደረቅ ሳል ፒር የሚባለውን ፍሬ በስኳር ይቀቅላሉ። በእኛም ግቢዎች የሚበቅለውን የወሽመላን ቅጠል ለሳል ሽሮፕ ያደርጉታል። በምዕራቡ ዓለም ደግሞ የቲቢ መድኃኒት ስትሬፕቶማይሲን እ.ኤ.አ. በ1943 እስኪገኝ ድረስ ሕክምናው በአብዛኛው ምግብና ዕረፍት ነበር። ሕመምተኛው ተራራ ላይ ወዳለ ሳናቶሪየም ይላካል፤ ወተት፣ እንቁላል፣ ቅቤ፣ ንጹሕ አየር። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ሞቱ።

ምግቡ ምን ያህል ይሠራ እንደነበር የታወቀው ህንድ ውስጥ ነው። ከ1956 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በማድራስ ከተማ ድሆች የቲቢ ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሾቹ ሳናቶሪየም ተኝተው በደንብ እየበሉ፣ ግማሾቹ በጠባብ ቤታቸው በጥቂት ምግብ እየኖሩ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት መድኃኒት ለአንድ ዓመት ወሰዱ። ውጤቱ ተቀራራቢ ሆነ። ቤት የነበሩት ምግባቸው ቢያንስም፣ ሥራ ቢሠሩም፣ ዳኑ። ያዳናቸው መድኃኒቱ ነበር። ዛሬ ታካሚዎቻችን ሆስፒታል ሳይተኙ ከጤና ጣቢያ መድኃኒት እየወሰዱ የሚድኑት ከዚያ ጥናት የተነሣ ነው ማለት ይቻላል።

ግን «ምግብ ምንም አይደለም» ብላችሁ እንዳትሄዱ። እዚያው ህንድ ውስጥ በ2023 የታተመ ሌላ ትልቅ ጥናት ለቲቢ ታካሚ ቤተሰቦች ተጨማሪ እህል፣ ጥራጥሬና ቫይታሚን ሲሰጥ፣ አብረው ከሚኖሩት መካከል በቲቢ የሚያዘው ቁጥር በ40 ከመቶ ገደማ ቀንሷል። ምግብ የያዘውን ቲቢ አይገድልም፤ ያልያዘውን ግን ይጠብቃል። ለእናትየዋም ያልኳት ይህንኑ ነው፦ ገንፎው ይቀጥል፣ እንቁላልና ሽሮ ይጨመርበት፣ ቅጠሉ ይቅር።

ልጁን ይዛ መጣች። ከስቷል። ያለፈውን ዓመት የክብደት መዝገብ አየሁት፤ አልጨመረም። በዚህ ጊዜ ሁሌ የምጠይቀውን ጠየቅኋት፦ ቤት ውስጥ ሌላ የሚያስል አለ? «ውሻው አለ ብዬሻለሁ እኮ» አለችኝ፣ ሳቅ እያለች። ሰው ነው ያልኩት ስላት ትንሽ አሰበች። «አባቴ ናቸው። እሳቸውማ ሁሌ ያስላሉ፤ የሽማግሌ ሳል ነው።» ልጁ «አካኮ» እያለ የሚጠራቸው አያቱ፣ አቅፈውት የሚተኙት ናቸው።

የሽማግሌ ሳል የሚባል በሽታ የለም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለ ትልቅ ሰው አክታው ይመርመር ማለት የአገራችን የቲቢ መመሪያ ነው፤ ምርመራውም መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው። ልጆች ላይ ቲቢን ማግኘት ግን ከባድ ነው። አክታ አይተፉም፣ ይውጡታል። ስለዚህ ከሳሉ ይልቅ ክብደቱን፣ ትኩሳቱን፣ ጨዋታ መቀነሱን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከማን ጋር እንደሚኖር እንጠይቃለን። በልጅ ሳል የመጣች እናት ስለ አማቷ ወይም ስለ ሠራተኛዋ ሳል ስጠይቃት ቅር ሲላት አያለሁ። ቅር አይበላችሁ። ልጅ ቲቢ የሚይዘው ብዙውን ጊዜ አብሮት ከሚኖር ትልቅ ሰው ነው።

የአያቱ አክታ ቲቢ አለው ተባለ። ልጁም ራጁና ሌላው ምርመራው ተያይቶ ሕክምና ጀመረ። ሁለት ዓመት የሆናት ታናሽ እህቱ ቲቢ እንደሌለባት ታይቶ መከላከያው ተጀመረላት። ቤቱ ውስጥ የቲቢ ታካሚ ካለ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች፣ ባይታመሙም፣ ይህ እንደሚገባቸው ብዙ ወላጅ አያውቅም። ካላወቃችሁ አሁን አውቃችኋል፤ ጠይቁ።

ውሻውስ? ስለሱም የጠየቃችሁኝ ስላላችሁ በአጭሩ። የሚያስል ውሻ የእኔ ታካሚ አይደለም፤ ጉደር ግን የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ማሞ መዘምር ካምፓስ የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምርበት ከተማ ስለሆነ ሐኪም ሩቅ አይደለም። የውሻ ሳል ከትል፣ ከጉንፋን፣ ከልብ ድካም ሊመጣ ይችላል። ከሚያስል ባለቤቱ ቲቢ የሚይዘው ጊዜም አለ፣ ብዙ ባያጋጥምም። ለሰው የምናደርገውን ነጭ ሽንኩርት ለውሻ እንዳትሰጡ፤ ደሙን ይጎዳዋል። አንድ ነገር ግን እባካችሁ፦ አጥንት ጉሮሮው ውስጥ የተሰነቀረ የሚመስል፣ ድምፁ የተለወጠ፣ ለሃጩ የሚዝረከረክ ውሻ ካያችሁ ቅጠል ላጠጣው ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ እንዳትከቱ። የእብድ ውሻ በሽታ እንዲህ ሆኖ ይጀምራል። ነክሷችሁም ሆነ ለሃጩ ቁስል ነክቶ ከሆነ ወዲያው በሳሙናና በወራጅ ውሃ 15 ደቂቃ ታጥባችሁ፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ምልክቱ ከጀመረ በኋላ እኛም የምናደርገው ነገር የለንም።

የፎርማኑ ውሻ ግን የልብ ሕመም ነበረበት። ልብን የሚያስሮጥ ቅጠል እየጠጣ ነው የከረመው፤ እንዲቆም ሲነገረው ሰውየው ደንግጧል አለችኝ።

ባለፈው ሳምንት እናትየዋ እንደገና ጻፈችልኝ። ልጁ አንድ ኪሎ ተኩል ጨምሯል፣ ሳሉም ቆሟል፤ መድኃኒቱ ግን ገና ወራት ይቀረዋል፣ እንደማታቋርጥም ቃል ገብታልኛለች። ሽንቱ ቀይ ሲሆን ደንግጣ ነበር፤ ሪፋምፒሲን የሚባለው መድኃኒት ቀለም ነው፣ ምንም አይደለም አልኳት። ፎርማኑም በእሷ በኩል ጥያቄ ልኮልኛል፦ «ይህ ቀይ መድኃኒት ከየትኛው ቅጠል ነው?»

ከቅጠል አይደለም ብዬ መለስኩ። እ.ኤ.አ. በ1957 ፈረንሳይ ውስጥ ከአንድ የጥድ ደን የተወሰደ አፈር ሚላኖ ከተማ ተመርምሮ፣ አፈሩ ውስጥ ከተገኘች ባክቴሪያ የመጣ ነው።